ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፦ የጣና ዳር ጎጥን በአንድ ገጽ መመዝገብ

የአንዲት ትንሽ የሕንድ መንደር መረጃ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ስም፣ ኮድ፣ የነዋሪ ብዛት፣ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ አባወራ ይህን ያህል፣ አውቶቡስ ይደርሳል ወይ፣ ባቡር ጣቢያው ስንት ይርቃል። ከዚያ ያበቃል። ድርቅ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ግን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የጣና ዳር ጎጥን በዚሁ መልክ ልጻፍ ያለ ሰው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። የቀበሌው ቁጥር ይገኛል፣ የጎጡ የለም። መንገዱ «አለ» ይባላል፣ በየትኛው ወር እንዳለ ግን አይጻፍም።

ሕንዶቹ የቻሉት መንደራቸው ወሰን ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራቸው ከ640 ሺህ በላይ መንደሮችን መዝግበዋል፣ ለእያንዳንዱም ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ሰጥተዋል። በዚህ መዝገብ መንደር የሚባለው የቤቶቹ ክምችት ሳይሆን ለመሬት አስተዳደር የተከለለው ወሰን ነው። ስለዚህ ማንም የማይኖርበት መንደርም በመዝገቡ ላይ አለ፤ ቁጥራቸው ከ43 ሺህ ይበልጣል። በሰሜን ሕንድ እንዲህ ያለውን «ቤ ቺራግ» ይሉታል፣ መብራት የማይበራበት ማለት ነው። ከ0 እስከ 6 ዓመት ያለው ሕፃን ለብቻው የሚጻፈውም በምክንያት ነው፤ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ መቶኛ የሚሰላው ከ7 ዓመት ጀምሮ ባለው ላይ ብቻ ነው። አገልግሎቱ መንደሩ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ርቀቱ በሦስት ፊደል ይመደባል፦ «ኤ» ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ «ቢ» ከ5 እስከ 10፣ «ሲ» ከ10 በላይ። ሻካራ ልኬት ነው፤ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ይቻላል።

ቁጥሩ በምን ሥራ ላይ እንደሚውል የሚያሳየው ግን የመንገድ ፕሮግራማቸው ነው። «ፕራዳን ማንትሪ ግራም ሳዳክ ዮጃና» ይባላል፣ በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 2000 ተጀመረ። ደንቡ አጭር ነው፤ በሜዳማ አካባቢ 500 እና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ሰፈር፣ በተራራማና በበረሃማ አካባቢ ደግሞ 250 እና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ሰፈር ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ ይገባዋል። መለኪያው መንደሩ ሳይሆን ሰፈሩ መሆኑን ልብ ይሏል። በ500 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ያሉ ሰፈሮች ሰዋቸው ተደምሮ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ በተራራ ላይ ይህ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ከፍ ይላል። «ያልተገናኘ» የሚባለውም ከእንዲህ ዓይነት መንገድ ከ500 ሜትር በላይ የራቀ ነው። ክረምት ከበጋ ማለት አስፋልት ማለት አይደለም፤ ውኃ ማሳለፊያው በቂ ሆኖ በሁሉም ወቅት ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ማለት ነው።

ይህን ወደ እኛ አምጥተን በምሳሌ እንየው። አንድ ቀበሌ ሦስት ጎጥ አለው እንበል። አንደኛው 220 አባወራ ይዞ ከጠጠር መንገዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሁለተኛው 180 አባወራ ይዞ 2 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሦስተኛው 140 አባወራ ይዞ ከወንዙ ማዶ 6 ኪሎ ሜትር ላይ። መንገዱ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ድረስ ስለሚገባ በሪፖርት ላይ ቀበሌው «ተገናኝቷል»፤ መቶ በመቶ። በአባወራ ብናሰላው ግን ከመንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ከ540ው 400 ነው፣ 74 በመቶ። ከወንዝ ማዶ ያሉት 140 አባወራዎች በ4.5 ሰው ቢባዙ 630 ሰው ይሆናሉ፤ በሕንዱ ደንብ መንገድ የሚገባቸው ናቸው። እነዚሁ 140 አባወራዎች ሰባ ሰባ ሆነው በሁለት ሰፈር በ800 ሜትር ተራርቀው ቢሰፍሩስ? እያንዳንዱ 315 ሰው ይሆንና በሜዳው ደንብ ሁለቱም ይወድቃሉ፣ በተራራው ደንብ ግን ያልፋሉ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ወንዙም ያው። የተለወጠው ትርጉሙ ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የእኛው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ግቡን ያስቀመጠው በቀበሌ ነበር፤ ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት። ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የጎጡ ጥያቄ ግን በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ቆጠራው። የመጨረሻው የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999ኙ ነው። በዚያ ቆጠራ የባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ 182,730 ሰው ነበረው፣ 93,642 ወንድና 89,088 ሴት፤ አባወራው 40,893፣ በአማካይ በአንድ ቤት 4.47 ሰው። የባሕር ዳር ልዩ ዞን ደግሞ 221,991 ነበር። ከዚህ ላይ ተነስቶ የዛሬውን መገመት የሁሉም ልማድ ነው፣ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የ1999ኙ ውጤት ለአማራ ክልል የሰጠው ዓመታዊ ዕድገት 1.7 በመቶ፣ ለአገሪቱ ደግሞ 2.6 በመቶ ነበር። የወረዳውን ቁጥር እስከ 2017 ዓ.ም. ለ18 ዓመት በ1.7 ብናሳድገው ወደ 247,500 ይደርሳል፤ በ2.6 ብናሳድገው 290,000 ይሆናል። ከ42 ሺህ የማያንስ ሰው የመጣው ከካልኩሌተር ነው! ሌላው ጣጣ ወሰን ነው። ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይ ከተሞች በከተማው አስተዳደር ሥር ሲቆጠሩ አጠገባቸው ያለው ጎጥ በወረዳው ይቆጠራል። የድሮውን ቁጥር ከአሁኑ ጋር ከማስተያየት በፊት ቀበሌው በመካከሉ ተከፍሎ ወይም ወደ ከተማ ተጠቃሎ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ስለዚህ ለጎጥ የሚያዋጣው ግምት ሳይሆን መቁጠር ነው። 150 አባወራ ያለበትን ጎጥ ሁለት ሰው በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። መነሻ ዝርዝር የሚገኝባቸው ቦታዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ግን የራሱ ሕመም አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ ማህደር ከሁሉ ይሻላል፤ የተወለደውን ትጽፋለች፣ ባሕር ዳር ወርዶ የቀረውን ግን የሚሰርዘው የለም። የመሬት ይዞታ ዝርዝር መሬት የሌለውን ወጣት ባለትዳር አያውቀውም፤ ልጅ ሚስት አግብቶ በአባቱ ግቢ ጎጆ ቢወጣ በዝርዝሩ ላይ ሁለቱ ቤት አንድ ነው። የጤና መድህን መዝገብ ያልከፈለውን ይተዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በሁሉም ላይ ያለውን ትቶ ልዩነቱን ብቻ ይዞ ከጎጡ ሽማግሌ ጋር መቀመጥ ግማሹን ሥራ ያቀልላል።

ከሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ መቁጠርም ተለምዷል። ይረዳል፣ ግን ጣሪያ ቤት አይደለም። አንድ ግቢ መኖሪያው ቆርቆሮ፣ ማድቤቱ ሳር፣ በረቱ ለብቻው ሊሆን ይችላል፤ በበጋ የተነሣ ምስል ላይ ደግሞ የገለባ ክምርና የሳር ጎጆ ከላይ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። አሥር ግቢ በእግር ሄዶ አይቶ በአንድ ግቢ በአማካይ ስንት ጣሪያ እንዳለ ሳያውቁ ማካፈል አይቻልም። ከድሮው የ1፡50,000 ካርታ ላይ ነጥብ የሚያነሣ ሰውም ይጠንቀቅ። ካርታው አዲንዳን በሚባለው የድሮ የካርታ መነሻ ልኬት የተሠራ ከሆነና ስልኩ በጂፒኤሱ ልኬት በደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚያነብ ከሆነ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። ሐይቅ ዳር ላይ 200 ሜትር ማለት ቤተክርስቲያኑ ውኃ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ቃሉ ራሱ ወሳኝ ነው። «ቤተሰብህ ስንት ነው?» ከተባለ አዲስ አበባ ያለው ልጅም ይቆጠራል። ሕንዶቹ ቆጠራቸውን በአንድ ቅጽበት ላይ ያስሩታል፤ የ2011ዱ የማርች 1 እኩለ ሌሊት ነበር፣ ቤት አልባው ደግሞ በዋዜማው ሌሊት በያለበት ተቆጥሯል። ለጎጥ የሚሠራው ቀለል ያለ መንገድ «ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ገብቶ፣ ቡናው ሲፈላ በዝግታ «እማማ፣ ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረው ማን ማን ነው?» ማለት ነው። ቀጥሎ «ሌላ ቦታ ሄዶ ያደረስ አለ? ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?» ስድስት ወር ያልሞላው ይጻፋል፣ የሞላው ይተዋል።

በዚህ ጊዜ የሚቀሩት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ገና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን፦ ወንዱ እስከ 40 ቀን፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን ስም ስለሌላቸው ስም ሲጠራ ይዘለላሉ። አራስ እናት፦ ለመውለድ እናቷ ቤት ስለምትሄድ ወይ ሁለት ቦታ ትጻፋለች ወይ የትም አትጻፍም። ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚማርና ቅዳሜ ስንቁን ሊወስድ የሚመጣ ተማሪ። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደ ጎልማሳ፤ በሐምሌና ነሐሴ ወይም በመስከረምና ጥቅምት የተቆጠረ ጎጥ ወንዱ ሳስቶ ይታያል። የአብነት ተማሪው ደግሞ የማንም አባወራ ቤተሰብ አይደለም፤ ደብሩ ወይም ገዳሙ ለብቻው መቆጠር አለበት። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ደሴቶች ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው፤ እነሱን ከአጎራባች ጎጥ ጋር የደመረ ሰው የወንድና የሴት ምጣኔው ለምን እንደተዛባ ሲያሰላስል ይኖራል። ዕድሜ ሲጠየቅ ሁሉም 30፣ 35፣ 40 ነው። «ደርግ ሲወድቅ ልጅ ነበርክ ወይስ አግብተህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል።

መንገዱ ላይ ስንመጣ፣ ኪሎ ሜትር ብቻውን ብዙም አይናገርም። የሚጻፈው ሰዓት ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ አንዴ በግንቦት፣ አንዴ በነሐሴ። መነሻው ሁለት ነጥብ ይሁን፦ የጎጡ መሐልና የመጨረሻው ቤት። ከዚያ ጉዞው በየክፍሉ ይቆረጣል፤ በእግር እስከ ባጃጅ ማቆሚያ፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ ባጃጁ እስከ አስፋልት፣ እንደገና መጠበቅ፣ ሚኒባሱ እስከ መናኸሪያ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው መጠበቁን ነው፤ ከጉዞው የሚበልጥበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ተሽከርካሪ የሚገባው በገበያ ቀን ብቻ ከሆነ «ትራንስፖርት አለ» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ «በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ይወጣል» ይባል። ዋጋው በየክፍሉ ከቀኑ ጋር ይጻፍ፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚለወጥ ቀን የሌለው ታሪፍ አይጠቅምም። የጭነቱም ለብቻው ይጻፍ። አንድ ኩንታል ጤፍ የሁለት አህያ ጭነት ነው፤ ሁለቱን አህዮች የሚነዳው ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሥራው ቀርቶ ይውላል።

በእግር ጤነኛ ሰው በደረቅ መሬት በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ተሸክሞ ወደ 3። በዋልካ፣ በጥቁሩ ጭቃማ አፈር ላይ በክረምት 2 ከሄደ ጎበዝ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል፤ ሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ የሚደለደል አፈርና ጠጠር፣ ያልለበሰ ጥርጊያ መንገድ በዋልካ ላይ አንድ ክረምት አያልፍም። ለመኪና የሚብሰው ደግሞ የጎማ ቦዩ ነው። አይሱዙ ጭኖ ሲያልፍ ግራና ቀኝ ሁለት ቦይ ያወጣል፣ መሐሉ እንደ ጀርባ ከፍ ይላል። ባጃጅ ሦስት እግር ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ቦዩ ውስጥ ሲገቡ የፊተኛው በዚያ ጀርባ ላይ ይወጣል፣ ሆዱ መሬት ይነካል። ጎማው ባለ 8 ኢንች ስለሆነ አንዴ ከሰጠመ በራሱ አይወጣም። ሾፌሮቹ ክረምት ሲገባ አንድ ጎማ በጀርባው፣ አንድ በዳር አድርገው አዘንብለው የሚነዱት ለዚህ ነው። (ባጃጅ የፑኔው የሕንድ ኩባንያ ስም መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል? ለእኛ የተሽከርካሪው ስም ሆኖ ቀርቷል። ሕንዶቹ ራሳቸው ግን «ኦቶ» ነው የሚሉት።)

ማቋረጫው ለብቻው መስመር ይገባዋል። ቱቦ አለ ወይ፣ ዲያሜትሩ ስንት ነው፣ በገለባና በደለል ተዘግቷል ወይ፣ ውኃው ከላይ የሚያልፍበት መሻገሪያ ከሆነ ዝናብ ካበቃ በኋላ በስንት ሰዓት ይጎድላል። በደራና በፎገራ ሜዳ ላይ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ጥያቄው ስለ ቱቦ መሆኑ ያበቃል፣ ሜዳው ራሱ ውኃ ነው። የመንገድ ዳር ቦይም ይታይ፤ እርሻው እየገፋ ቦዩን ካረሰው ውኃው መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። ብዙ መንገድ የሚሞተው በዚህ ነው፣ በመኪና ብዛት አይደለም።

የሕመምተኛና የወላድ ጉዞ ከመደበኛው ተለይቶ ይመዝገብ። አምቡላንሱ እስከ የት ይደርሳል? ከዚያ ወዲህ ቃሬዛ ነው፤ አራት ሰው ተሸክሞ ሌላ አራት ለመቀየር ይከተላል፣ ለረጅም መንገድ አሥራ ሁለት ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ ጎልማሳው መተማ ከሆነ አሥራ ሁለት ሰው ከየት ይመጣል? ቆጠራውና መንገዱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለ ጎጥ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዳለውና እንደሌለው፣ ነፍሰ ጡሯ ከቀኗ በፊት ገብታ መቆየት መቻሏ ከመንገዱ ርዝመት እኩል ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ሐይቁ ራሱ መንገድ ነው። 84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 66 ያህል ስፋት ያለው ጣና እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። ጀልባ ነጂዎች ጠዋት የሚወጡት ለዚህ ነው፣ ከቀትር በኋላ ማዕበሉ ይነሣል። ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ርካሽና ቀላል ናት፤ ግን ውኃ ትጠጣለች። በተጠቀሙ ቁጥር ካልወጣችና ፀሐይ ካልመታት ትከብዳለች፣ በጥቂት ወራት ውስጥም በአዲስ መተካት አለባት። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የምታመላልሰው ታንኳ ተሞልታ ስትሄድ ከንፈሯ ውኃውን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል፤ የሰው ማጓጓዣ ብሎ በሠንጠረዥ ውስጥ ከሞተር ጀልባ ጋር ማስቀመጥ አይገባም። ለደቅና ለቁንዝላ፣ ከዚያም እስከ ጎርጎራ ለሚሄደው መርከብ የሚጻፈው የመነሻ ቀኑና ሰዓቱ፣ መልሱም በስንተኛው ቀን እንደሆነ ነው።

እንደ ዋልካው ሁሉ ውኃውም ወቅት አለው። ጣና በመስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና ሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ወደ 1.5 ሜትር ይጠጋል። ገደላማ በሆነው በዘጌ በኩል ይህ ብዙም አያስታውቅም። በምሥራቁ ዝርግ ዳርቻ ግን ውኃው ሩቅ ይሸሻል፣ የጀልባ ማቆሚያውም አብሮ ይሄዳል። በጥቅምት የተመዘገበ «ከጎጡ እስከ ማቆሚያ» ርቀት በግንቦት ጭቃ ላይ የሚረገጥ ተጨማሪ መንገድ ይጠይቃል። ሐይቁ አሁን በተፈጥሮ ብቻም አይደለም የሚሞላና የሚጎድለው፤ በ1988 ዓ.ም. የተሠራውና በኋላ ሰባት በር የሆነው የጨረጨራ ግድብ አለ፣ ከ2002 ጀምሮም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በምዕራብ በኩል ውኃ ይወስዳል። ትልልቆቹ መርከቦች ለመንቀሳቀስ ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ የውኃ ከፍታ ይሻሉ። በ1995 ከዚያ በታች ሲወርድ የመርከብ ጉዞው ለአራት ወር ያህል ቆመ። በእነዚያ ወራት የደሴት ነዋሪ መዝገብ ቢሞላ «ትራንስፖርት፦ የለም» ይል ነበር። ከ2004 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እንቦጭ ተጨምሯል፤ ታንኳም ሞተርም ሰንጥቆ አያልፈውም። እንቦጩ በነፋስ ስለሚዛወር ማቆሚያው ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ይሆናል።

ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ገጽ ይሞላል። ከላይ የጎጡ ስምና የቀበሌው ስም፣ ሌላ ስም ካለው እሱም። ቀጥሎ የተቆጠረበት ቀን፣ ወንድ፣ ሴት፣ ከ7 ዓመት በታች፣ አባወራ፣ እማወራ ለብቻ፣ ገዳም ወይም ደብር ካለ ለብቻው። ከዚያ በግንቦትና በነሐሴ ሁለት ዓምድ፦ እስከ ጠጠር መንገድ፣ እስከ አስፋልት፣ እስከ ጤና ጣቢያ፣ እስከ ገበያ፣ እስከ ጀልባ ማቆሚያ፤ በደቂቃ። ከግርጌ ማቋረጫዎቹ በቁጥርና በዓይነት። በነሐሴው ዓምድ ሰዓት ሊሞላበት የማይችል ቦታ ሲገኝ ሰረዝ አይደረግ፣ ባዶም አይተው፤ «አይታለፍም» ተብሎ ይጻፍ፣ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሆነም ጎኑ ላይ።